ደጄ ላይ የተጣሉት ባልና ሚስት

መናኸሪያው ከተነሳ ወዲህ የኛ የጭሮው አሮጌ መንገድ ሰው ናፍቆት፣ እኔም የሻሽ ሱቄን ልዘጋ ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ጩኸት ሰምቼ ብወጣ፣ ደጄ ላይ አንድ ጎልማሳ ሻንጣ አንጠልጥሎ ሚስቱን «ጥዬሽ መሄዴ ነው» ይላታል። ሰው ከቦ ያያል እንጂ የሚገላግል የለም። እኔ ደግሞ ጠብ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ሻንጣውን ቀማሁትና «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ታረቃት» አልኩት።

ጠጋ ብሎ «አዳዳ፣» አለኝ፤ ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚለኝ፣ አክስታችን እንደማለት። «ሰው ወደዚህ መንገድ እንዲመለስ ብለን የምንጫወተው ቲያትር እኮ ነው።»

ቢሆንስ፣ ሳላስታርቅ እለቃቸዋለሁ? አስታረቅኳቸው። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከሳቁት ሴቶችም ብዙዎቹ ሻሽ ገዝተውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ሌሎች ባልና ሚስት እዚያው ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ዛሬስ አልሸወድም አልኩና፣ ቲያትሩ እንዲደምቅ ሴትዮዋን «ፍቺው፣ እኔ ለተሻለ ባል እድርሻለሁ» አልኳት። ሰው አጨበጨበልኝ።

ባልየው ግን አልሳቀም። «እኛ ከሂርና ለገበያ የመጣን ሰዎች ነን» አለኝ። «ቀዩን ሻሽ ካልገዛህልኝ ብላ ነው የምትጨቀጭቀኝ።»

እኔ አፍሬ የምገባበት ሲጠፋኝ ሚስትየዋ ጠጋ አለችኝ።

«አዳዳ፣ የተሻለው ባል ሻሽ ይገዛል?»