ጋሽ ማለዳ ቤት ሊገዛ ሄደ

ጓደኞቹ የቤት ደላሎች ሁሉ «ጋሽ ማለዳ» እያሉ ነው የሚጠሩት። በማለዳ ስለሚነሳ እንዳይመስላችሁ፤ እንቅልፍ ሲወድ ለጉድ ነው። ስሙ የወጣለት ሐይቁ ዳር ያለውን ሰፈር ከእኩለ ቀን በኋላ ለገዢ አሳይቶ ስለማያውቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ያ ሰፈር ጠዋት ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። መንገዱ ጭር ያለ፣ አጥሮቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ውሃው የረጋ ነው። ሰባት ሰዓት ካለፈ ግን ነፋሱ ከሐይቁ ይነሳና የበሰበሰ የውሃ አረም ሽታ ይዞ ይገባል፤ ከሽታው ኋላ ትንኙ ይከተላል። ነዋሪው መስኮቱን ዘግቶ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። ጋሽ ማለዳ ታዲያ ገዢዎቹን በሦስት ሰዓት ወስዶ በአምስት ሰዓት ይመልሳቸዋል። «ከሰዓት ብንመጣስ?» ያለውን ሁሉ «ውይ፣ ከሰዓት እንኳ ቀጠሮ አለብኝ» ይለዋል። እርግጥ ነው፣ ቀጠሮ ነበረው፤ ከአልጋው ጋር።

አፉ ግን አፍ ነበር። በእሱ አንደበት ጠባብ ክፍል «ሙቀት ያለው» ይሆናል፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ «ዕድሜ ያየ»፣ የሚያፈስ ጣሪያ «ዝናቡ ሲዘንብ የሚሰማበት»። ሰው እየሳቀም ቢሆን ይገዛዋል። ራሱ የሚኖረው ግን ከአንድ ብየዳ ቤት ፎቅ ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ከታች ብረት ሲቆረጥ ከላይ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይሄዳሉ። ስለዚያ ቤት አንድም ጥሩ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ጋር ሠላሳ ዓመት ተፋጥጣ ኖራ፣ ዘንድሮ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ እያለ አስቸገራት። የዓይን ሐኪሙ መረመራትና «በየሩብ ሰዓቱ ቀና እያልሽ ሩቅ ተመልከቺ፤ አለበለዚያ ይህን ሥራ ትተዪዋለሽ» አላት። ሩቅ የት አለና! ከመስኮቷ የሚታየው ሩቁ ነገር የጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ቀና እያለች የጎረቤቱን የውስጥ ሱሪዎች ቁጥራቸውንም ቀለማቸውንም በቃሏ ያዘች።

አንድ እሑድ ጨርቋን አጣጥፋ ፊቱ ተቀመጠች።

«ስማኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ውሃ ስታሳይ ኖረሃል። ለእኔም አንድ መስኮት አሳየኝ።»

ጋሽ ማለዳ ተነስቶ ከፍራሹ ሥር የቁጠባ ደብተሩን አወጣ።

ያላቸውን ጥሪት ሁሉ አሰባሰቡ። እሱም የሰፈሩን ቤቶች አንድ በአንድ በልቡ ዞረና አቅማቸው የሚችለው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው። የመጨረሻው መንገድ ጫፍ ላይ ያለች፣ የጡረተኛዋ አዋላጅ ትንሽ ቤት። አዋላጅዋ ባላቸው ሞቶ ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጃቸው «መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ» ስላላቸው ሊሸጡ አስበዋል። ደላላ አልያዙም። «የሚያይ ይምጣ፣ ይይ» ብለው በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል።

ቀጠሮው ያው በሦስት ሰዓት ሆነ። ሚስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ክንዱን ያዘችው።

«ዛሬ ገዢ ነህ። ገዢ ደግሞ ያጣጥላል እንጂ አያደንቅም። ቃል ግባልኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ሥራዬ እኮ ነው፣ እኔን ታስተምሪኛለሽ?»

እሷም ከቦርሳዋ የሚንት ከረሜላ አውጥታ አፉ ውስጥ ከተተችለት። «ይህ እስኪያልቅ አንድ ቃል እንዳትናገር» አለችው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሌሎች ገዢዎች ቀድመዋቸዋል። አንድ ወጣት ጥርስ ሐኪምና ሚስቱ ሜትር ዘርግተው የበሩን ስፋት ይለካሉ። አዋላጅዋ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ አስገቡ። «እኔ ማውራት አልችልበትም፤ ቤቱ ያው፣ ራሳችሁ እዩት» ብለው ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሁሉም መልካም ነበር። ጋሽ ማለዳ ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዞረ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረ። ሚስቱ በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ሄዳ መስኮቱ ጋ ቆመች። ውሃው እዚያው ነበር፣ እስከ ማዶ ድረስ ተዘርግቶ። መነጽሯን አወለቀችና ሩቁን አየች። እሱ ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋ ዝቅ ሲል ተመለከተ፤ ትከሻዋ እንደዚያ ሲያርፍ ካየ ስንት ዓመቱ ነው? ይህን ቤት ሳልገዛላት ብቀር ሰው አይደለሁም አለ በሆዱ።

ይህን እያለ ነው ጥርስ ሐኪሙ ከወጥ ቤት ሆኖ «ይቺ ወጥ ቤት እኮ በጣም ጠባብ ናት» ያለው።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ጋሽ ማለዳ ታግሏል። ምላሱን ነከሰ። ከረሜላውንም ነከሰ። ከረሜላው ተሰበረ።

«ጠባብ? ጠባብማ አይባልም!» ብሎ ወጥ ቤቱ መሃል ገባና ወደ ሐኪሙ ሚስት ዞረ። «እዚህ ቁሚ እስቲ እመቤት። አየሽ? እጅሽን ስትዘረጊ ምድጃው፣ ዞር ስትዪ ውሃው፣ ከዚህ ስትወጪ ጀልባዎቹ። ሰፊ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው እድሜውን በእግር ጉዞ ነው የሚጨርሰው!»

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን እርጥበት በጣቱ አሳየ።

«እሱ እርጥበት አይደለም ጌታዬ፣ ግድግዳው ሲተነፍስ ነው! የማይተነፍስ ግድግዳ ውስጥ የሚኖር ሰው ራሱን ያመዋል።»

ሚስቱ ከኋላ ኮቱን ጎተተችው። እሱ ገዢ የጎተተው መስሎት «መጣሁ፣ መጣሁ» አላት። አራቱንም ሰዎች ከነአዋላጅዋ እየነዳ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አመጣቸው፤ ሁለቱንም የመስኮት መዝጊያዎች በአንድ ጊዜ በርግዶ ከፈተ፤ ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ዋናው መሣሪያው ነበር። ውሃው ያብረቀርቃል። የሐኪሙ ሚስት አፏን ያዘች።

«እንግዲህ ምን እላለሁ» አለ ጋሽ ማለዳ፣ ሁልጊዜ በሚዘጋበት ቃል ሲዘጋ። «እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ዛሬውኑ እፈርም ነበር።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፣ «በእነሱ ቦታ እኮ ነህ።»

የፊቱ ቀለም ጠፋ። ሐኪሙ «ወስደነዋል፤ እነዚህ ከሚሰጡት በላይ እንሰጣለን» አለ። ጉዱ ግን ገና ነበር። አዋላጅዋ በነጠላ ጫማቸው ወደ መስኮቱ ቀረቡ፤ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩበት» አሉ። «እንዲህ ያለ ቤት እንዳለኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አልሸጥም። ለማንም አልሸጥም። ተባረክ፣ ልጄ።»

ጥርስ ሐኪሙ ሜትሩን እየጠቀለለና እየተነጫነጨ ወጣ። የጋሽ ማለዳ ሚስት ግን አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣች! መነጽሯን አድርጋ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደች። ቤት ሲደርሱ የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና አለች፤ የጎረቤቱን ገመድ አየች፤ ተመልሳ አቀረቀረች። ያን ጊዜ ጋሽ ማለዳ ከታች ያለው ብየዳ ደረቱ ላይ የሚበየድ መሰለው።

ሦስት ቀን ምግቡን ታቀርብለትና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ከምሳ በኋላ ደግሞ ዘንቢሏን አንጠልጥላ «ልብስ ላደርስ ነው» ትልና ትወጣለች። እሱ አልጋው ላይ ይጋደማል እንጂ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልጎበኘውም። ያ ሁሉ የአማረ ቃል ለሰው ሲከፋፈል ኖሮ ለራሱ ሚስት የተረፈው የውስጥ ሱሪ ማየት ነው? በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ከአልጋው ተነሳ፣ ኮቱን ደረበና አውቶቡስ ተሳፈረ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያን ሰፈር ከሰዓት ሲያየው ያ የመጀመሪያው ነው። ሽታው ገና ከፌርማታው ተቀበለው። ትንኙ አፍንጫው ውስጥ ገባ፣ ጆሮው ውስጥ ገባ። መሐረቡን እያራገበ መንገዱ ጫፍ ደረሰና በሩን መታ። አዋላጅዋ በሩን ለመክፈት ከውስጥ ሁለት ጊዜ በትከሻቸው ገፉት።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለ ሰላምታም ሳይሰጥ። «ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ግድግዳው አይተነፍስም፣ ያለቅሳል። ይህ በር ዝናብ በነካው ቁጥር ያብጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚህ ሰፈር መኖር ይቅርና፣ ይኸው፣ አፍ ከፍቶ ማውራት አይቻልም!» አንድ ትንኝ ዋጠና አሳለው። «እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዛሬውኑ እሸጠው ነበር!»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ያን ሳቅ ያውቀዋል። አዋላጅዋን አልፎ አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ሚስቱ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የአዋላጅዋን መጋረጃ ትሰፋለች። ዘንቢሏ እግሯ ሥር ነው።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ልብስ ላደርስ ብዬህ የለ?»

«ሦስት ቀኗ ነው ስትመጣ» አሉ አዋላጅዋ። «አንተ አሁን ያልከውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች፤ የጣሪያውን ማፍሰስ ደግሞ አንተ ረስተኸዋል። ‹ትንኙም ሽታውም ገብቶኛል፤ እኔ የምፈልገው መስኮቷን ነው› አለችኝ። ስንቱ ገዢ ሲመጣ ሲሄድ፣ ከሰዓት የመጣች እሷ ብቻ ናት።»

«ታዲያ አልሸጥም አላሉም?»

«አንተ ያወራኸው ሁለት ቀን አቆየኝ። ዛሬ ጠዋት በሩ አልከፈትም ሲለኝ ወደ ልቦናዬ ተመለስኩ።» በርጩማውን ሳብ አደረጉለት። «እሸጥላታለሁ። ግን ልጄ ቤት ሲሰለቸኝ መጥቼ እዚህ በረንዳ ላይ ልቀመጥ፤ ይህ ውሉ ላይ ይጻፍልኝ።»

ተጻፈላቸው። ውሉም የተፈረመው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሚስቱ በሌላ ሰዓት አልፈርምም ብላ።

በገቡ በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ጋሽ ማለዳ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ሩብ ሰዓት ሞላ። እጇን ከጨርቁ ላይ አንስታ ቀና አለች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ትከሻዋም ዝቅ አለ።

«ምን ይታይሻል?» አላት።

«ውሃ።»

«ሌላስ?»

«ውሃ አልኩህ እኮ።»

አፉን ከፈተ። ስለዚያ ውሃ ሃያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመው ቃል ጉሮሮው ላይ ተሰልፎ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከማዶው አልነቀለችም። አፉን መልሶ ገጠመና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ አብሯት አየ።