በሬዲዮ የገባው ቅዳሴ

በቀደም የልጅ ልጄ ለቤታችን ዋይፋይ ልታስገባ፣ አንዲት ነጭ ሣጥን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትዞር ዋለች። «አባባ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ጓዳ አይደርስም» እያለች አንዴ ቁም ሣጥን ላይ፣ አንዴ መስኮት ሥር ታኖራታለች። እኔም ሣቅሁ፤ ይህን ድካም በወጣትነቴ እዚሁ መካኒሳ አይቼዋለሁና።

ዘመኑ የደርግ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ውለዋል። ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገባቸው ከቅዳሴ መቅረታቸው ነው፤ በዚያ የዋልካ ጭቃ በቃሬዛ መሸከሙም አልተቻለም። ሬዲዮ ጠጋኙ ጓደኛዬ ታደለ ግን ከአሮጌ ሬዲዮዎች ዕቃ ለቃቅሞ፣ ድምፅን ያለ ሽቦ ወደ ሌላ ሬዲዮ የምታሻግር ትንሽ ማሰራጫ ሠራ። የደብሩን አለቃ አስፈቀድን።

«ቀበሌ ቢሰማ ሰላዮች ብሎ ያስረናል» አልሁት።

«የምንሰልለው ማንን ነው? ኪሩቤልን?»

በመጀመሪያው ቀን ሬዲዮው ከመንሿሿት በቀር አንዳች አላሰማም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ድምፁን ይዞት ኖሯል። በማግሥቱ የማሰራጫዋን ሽቦ ወደ ውጭ አውጥተን ከግቢው ጽድ ላይ ሰቀልነው። ታደለ እዚያው ቀረ፤ እኔ ከየኔታ ሬዲዮ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል የዲያቆኑ «ተንሥኡ» ጥርት ብሎ ገባ።

«አንሣኝ!» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ ሐኪሙ ከልክሏል እኮ።»

«ሐኪሙ ይከልክል፤ ዲያቆኑ አዝዟል!»

በመቋሚያቸውና በትከሻዬ ተደግፈው ቆሙ። እንባቸው በጺማቸው ላይ ሲወርድ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር።

«ጽዱ ላይ ሽቦ የሰቀለው ማን ነው?»

«እኛ ነን፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ለሕመምተኛ ብለን ነው።»

«እናቴ ዐይኗ ከጠፋ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ዜና ልትሰማ ብትከፍት ቅዳሴ ገባላት። ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላ ቆማለች!» ቀና ብሎ የቆሙትን የኔታን አየና ቆቡን አወለቀ። «መልእክቱ ሲነበብ ድምፁ ይቆራረጣል ብላለች። ነገ አስተካክሉላት።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶልን ሄደ። በማግሥቱ ቅዳሴው ሲያበቃ ከእናትየው የተላከ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ ደረሰን፤ ታደለ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ቁጭ ብሎ በላ። እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስም ሁለቱ አረጋውያን፣ ሳይተያዩ፣ አብረው አስቀደሱ።

የልጅ ልጄ ሥራዋን ስትጨርስ «ጎረቤት እንዳይገባበት በይለፍ ቃል ዘጋሁት» አለችኝ። ምክንያት ይኖራታል፤ አልተከራከርኋትም። እኔን ግን ያን ፍልሰታ ባሰብሁ ቁጥር ደስ የሚለኝ፣ ድምፁ ላሰብንላቸው ለየኔታ መድረሱ ብቻ አይደለም፤ ካላሰብናት እናት ቤት መግባቱም ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታደለ ቁልፍ ማበጀት አያውቅም ነበር።