የካሳነሽ ሰላምታ

ካሳነሽ በደጋው ድምፅ ሬዲዮ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጣቢያችን እንጅባራ ላይ በአንድ ክፍልና በሁለት ቴፕ ሲጀምር የሚያሰራጨው በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። አንዱ ሰዓት በአገውኛ የምታቀርበው የገበሬዎች ዝግጅት ነው። ዛሬ ዜናው፣ የገበያ ዋጋው፣ የዘፈን ምርጫው ተጨምሮ ቀኑን ሙሉ እናሰራጫለን። ያ ሰዓት ግን እስክትሞት ድረስ የእሷ ነበር።

የአዲስ ቅዳም ገበሬ ልጅ ናት፤ ሰላምታዋ ቶሎ አያልቅም። የእንግዳውን ጤና፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ትጠይቃለች፤ የታመመ ጎረቤት ካለውም በስሙ። ከዚያ «በል ንገረን» ትልና ዝም። ሰውየው እስኪጨርስ አታቋርጠውም።

እኔ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ስናዛውር ቦታ አጠረን። «ሰላምታና ስንብት ተቆርጦ ፍሬ ነገሩ ብቻ ይቀመጥ» የሚል መመሪያ ጽፌ ፈረምኩ። ካሴቶቹ ላይ ሌላ ተቀዳባቸው። መመሪያውም እስካለፈው ወር ሲሠራበት ቆየ።

መመሪያውን የፈረምኩ ሰሞን ካሳነሽ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ «አንተ አቶ መዝገብ፣ ሰላም ያላልኩት ሰው ያወራኛል?» አለችኝ።

«የእንግዳው ስም በመዝገብ ካርዱ ላይ ተጽፏል።»

«እሰይ! እንግዲህ ካርዱን አዳምጠዋ!» ስቃ ሄደች።

በሚያዝያ አረፈች። አርባዋ ሳይደርስ ልጇ ምህረቴ መጣች።

«ጋሼ ሀብቱ፣ የእማዬን ድምፅ ይፈልጉልኝ። አባዬ እንደሚያውቁት ዓይኑ አያይም። ፎቶ ምን ያደርግለታል?»

«አራት መቶ አስራ ሁለት የተቀመጠ ዝግጅት አላት። እኔው ራሴ ቤት ድረስ አመጣለሁ» አልኳት። ኮርቼ ነበር።

አራት ቀን አዳመጥኩ። ገበሬዎቹ ስለ ገብስ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ በግ በሽታ ያወራሉ። እሷ የለችም። ድምፅዋ ሁሉ የነበረው እኔ ባስቆረጥኩት ውስጥ ነው። በአራተኛው ቀን፣ ስለ ድንች የሚያወራ ሰው ትንፋሽ ሲወስድ፣ «እህ… ከዚያስ?» ስትል ሰማኋት። ሦስት ሰከንድ።

እሱን በስልኬ ይዤ አዲስ ቅዳም ሄድኩ። ባሏ ጋሼ አየነው እጄን ይዘው ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ እናቴን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ መለስኩ። ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«እህ… ከዚያስ?»

ፈገግ አሉ። ትንሽ ጠብቀው፣ «ሰላምታዋስ?» አሉኝ።

«ተቆርጧል።» ይህም ውሸት ሆኖ ተሰማኝ። «እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት፣ ጋሼ።»

«የሁሉንም ቀን?»

«የሁሉንም።»

ምህረቴ ፊቷን አዞረች።  ጋሼ አየነው በእጃቸው ስልኩን ፈለጉ።

«በል እሱኑ ድገምልኝ።»