ገድል አይደለም

ባለቤቴ አገር የመሠረቱ መሪዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ይወድ ነበር። ሲያርፍ፣ የጀመረው መጽሐፍ መሪው ከታሰሩበት ምዕራፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ታሪኩን ሳይጨርስ መሄዱ ሲከነክነኝ ከረመና፣ አንድ ቀን መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ ከሰፈሬ ከፋሲሎ በባጃጅ ጣና ዳር ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ካቆመበት ጀምሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብሁለት።

ከጎን ካለው መቃብር ጥቁር የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። አየት አየት ሲያደርጉኝ ቆዩና፣

“ልጄ፣ የማን ገድል ነው?” አሉኝ።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዓለማዊ መጽሐፍ ይዤ መገኘቴ አሳፈረኝ።

“ገድል እንኳ አይደለም፣ እማማ። የአንድ አገር መሥራች ታሪክ ነው።”

“ጻድቅ ነበሩ?”

“እንጃ። ለአገራቸው ነጻነት ሲሉ ግን ታስረዋል።”

“ተፈቱ?”

“እሱን ነው የማነብለት። ባለቤቴ እዚያ ሳይደርስ ነው የሞተው።”

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞር ብለው አዩ። ለቄሶቹ ሊነግሩብኝ ነው ብዬ መጽሐፉን ልከድን ስል፣ እጃቸውን አነሡ።

“ኧረ አትክደኚው! ይልቅ ጮክ በይ፣ የኔም ሰውዬ ይስማ።”