የአስራ አንዱ እንግዶች ሩጫ በመርሳ

ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ ደሴ

ዛሬ ጳጉሜን አንድ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ወደ ሰሜን የሚጣራ ረዳት የለም። ቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ከተነሳ ወዲህ ሰዉ ከወልድያ ወደ ደሴ ይወርዳል፤ ሽቅብ የሚሄደው እንደ እኔ ያለ ችኮ ብቻ ነው። በእጥፍ ዋጋ አንድ ሚኒባስ አገኘሁ።

"በዚህ ጊዜ መርሳ ምን ልታደርግ ነው?" አለኝ ሹፌሩ።

"ልሮጥ።"

ቦርጬን አየና ሳቀ። "ሰዉ ከዚያ እየሮጠ ይመጣል፣ አንተ ልትሮጥ ትሄዳለህ!"

ሁለት ሰዓት፣ ውርጌሳ

ሻይ በፓስቲ። ግራና ቀኙ ለምለም ማሽላ ነው። ፍራሽ፣ ድስትና ፍየል የጫኑ አይሱዙዎች ከፊት ለፊት ይመጣሉ። ሹፌሩ ስለ ሩጫው ካልነገርከኝ አልነዳም አለ፤ ነገርኩት።

የስፖርት አስተማሪዬ መምህር ይማም በ1964 ጎረምሳ ነበሩ። የሙኒክን ኦሊምፒክ ሩጫ ሊሰሙ ሬዲዮ ሥር ተቀምጠው የሰሙት መርዶ ሆነ፤ አሸባሪዎች አስራ አንድ የእስራኤል ስፖርተኞችና አሰልጣኞች ገደሉ። አስተማሪ ከሆኑ ጀምሮ በየዓመቱ ጳጉሜን አንድ መርሳ ላይ አስራ አንድ ሰው ያስሮጣሉ። እያንዳንዱ ሯጭ የአንድ ሟች ስም ደረቱ ላይ ይለጥፋል። መጨረሻ ላይ፣ ሩጫው በሚያልቅበት ትምህርት ቤት፣ መምህር ስም ይጠራሉ፤ ስሙን የያዘው "አቤት" ይላል። አምና ከተማው በታጣቂዎች እጅ ስለነበር ቤታቸውን ዘግተው ራሳቸው ጠሩ፣ ራሳቸው "አቤት" አሉ።

"እሳቸው እስላም፣ ሟቾቹ አይሁድ። ምናቸው ናቸው?" አለ ሹፌሩ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ጠይቄያቸው ነበር። "እንግዳ ሆነው ሄደው ነው የሞቱት። ዘመዱ ያልደረሰለትን እንግዳ አገር ያለቅሰዋል" ነበር ያሉኝ።

ሹፌሩ የሻዬን ከፈለልኝ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ መርሳ

"አሰላሙ አለይኩም! ወፍረሃል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ መምህር።

እኔን ጨምሮ አስር ሯጮች ብቻ ነን። ከወጣቱ ግማሹ ዘምቷል፣ ግማሹ ተሰዷል። በአስር ይሁን አልኳቸው።

"አስሩን አስገብቼ አንዱን እንግዳ ደጅ ላሳድር? አይሆንም። ወይ አስራ አንድ፣ ወይ ይቅር።"

ሁለተኛ ዓመት ሊቀር ነው። ሯጭ ያጣችውን ባለ ስም ጨርቅ ሲያጣጥፏት አንጀቴን በሉት።

ከጓዳ አንዲት ወጣት ወጣች። ትርሓስ ትባላለች፤ ከቆቦ ተፈናቅላ እሳቸው ቤት ተጠግታለች። ወላጆቿ የትግራይ ተወላጆች ስለሆኑ፣ ሰው ክፉ እንዳያስብባት ፈርታ ከመጣች ጀምሮ ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

"አባባ፣ እኔ ልሩጥልዎ። ትምህርት ቤት ሯጭ ነበርኩ።"

መምህር እሷን ሳይሆን የግቢውን በር ነው ያዩት። እኔም ፈራሁ፣ ምን ይዋሻል።

"የሚጠይቅሽ ካለ የእኔ እንግዳ መሆንሽን ንገሪው፣ ልጄ" አሉና ከሟቾቹ መካከል የሩጫ አሰልጣኙን ስም በእጃቸው ለጠፉላት።

አራት ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። አንዲት አህያም ቀደመችኝ። በቆሎ ጠባሾች እየሳቁ አጨበጨቡልኝ፤ በላብ ተጠምቄ፣ በዚህ ሁሉ ጦርነት መሃል ደስ ብሎኛል።

የሚሊሻ ኬላ ጋ ስደርስ ደስታዬ ጠፋ። ትርሓስ ቆማለች። ሚሊሻው መታወቂያዋን ያገላብጣል።

"የመምህር ይማም እንግዳ ነኝ" ትላለች።

"እውነቷን ነው!" አልኩ እያለከለክሁ።

ሚሊሻው ዓይኑን ከመታወቂያው አላነሳም። ከማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ የመምህር ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ስንዘገይባቸው ጊዜ ስም ጥሪውን ጀምረዋል። እኔ የለጠፍኩት ስም ተጠራ፤ እዚያው ቆሜ "አቤት!" ብዬ ጮህኩ። የአሰልጣኙ ስም ተጠራ። መልስ የለም። ደገሙት። ትርሓስ አንገቷን ደፋች።

ሚሊሻው ደረቷ ላይ ያለውን ስም ቀስ ብሎ አነበበ። "ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ይቺን ስም ለብሼ ሮጫለሁ" አለ፤ መታወቂያዋን መለሰላት። መምህር ሦስተኛ ጊዜ ጠሩ።

"አቤት በይ እንጂ!" አላት። "እየጠሩት እኮ ነው!"

"አቤት!" አለች፤ መርሳ ሙሉ ሳይሰማት አልቀረም። ከዚያ ተፈተለከች፣ እኔም ከኋላዋ።

መምህር የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔ መጨረሻ ስገባ በሩን በእጃቸው ዘጉት።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ "ሁሉም ገቡ።"