ያልተቀባችው መኪና

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲሠራ ኖሯል፤ ከሠራቸው መኪኖች ግን አንዷም ሰው ጭና አታውቅም። ምን ታድርግ፣ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ አያልፍ! በሪሞት እየተነዱ የሚወዳደሩ ትንንሽ መኪኖች አሉ አይደል? እሱ የሚሠራው እነሱ ከላይ የሚለብሱትን ቦዲ ነው። ሞተሩ የሌላ ሰው፣ ጎማው የሌላ ሰው፣ ቅርጹ የሱ። ሰፈርተኛው ይህን ሁሉ ዝርዝር ወዲያ ትቶ «ባለአሻንጉሊቱ» ይለዋል። አማቱም ሰው ሲጠይቃቸው «የልጄ ባል ፕላስቲክ ቤት ነው የሚሠራው» ብለው በአጭሩ ይገላገሉታል።

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ከእንጨት ፎርማ ይጠርባል። የጣሪያዋን ዝቅታ፣ የአፍንጫዋን ስለት በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየዳበሰ፣ «ትንሽ ቀራት» እያለ ይከርማል። ከዚያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በእሳት አለስልሶ ፎርማው ላይ ያለብሰዋል። የቀረው የሚስቱ ነው። እሷ በፕላስተር እየከለለች ቀለሙን የምትነፋው ከውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ ቢቀባማ በመጀመሪያው ግጭት ተልጦ ያልቅ ነበር።

ታዲያ የውድድር ቀን ሰው መኪናዋን ይከብና ምን ይላል መሰላችሁ? «ወይኔ ቀለሟ! ማን ነው የቀባት?» ያን ሁሉ ጊዜ የተፈተገውን ጣሪያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቅናት ነው ልትሉኝ ነው? አዎ፣ ቅናት ነው! ሰውዬው በገዛ ሚስቱ ቀንቶ አንጀቱ አርሮ ነበር።

የዘንድሮዋ ቦዲ ከእጁ ከወጡት ሁሉ የላቀች ነበረች፤ ይህን እሱም ያውቃል። የጥንት ደንበኛቸው የጥርስ ሐኪሙ ለፍጻሜ አልፎ «አዲሷን አልብሱልኝ» ሲል፣ ባለአሻንጉሊቱ ሚስቱን ጠራት።

«ይቺን አትቀቢያት።»

«ምን?»

«ሳትቀባ ትሩጥ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ቅርጹን ይይልኝ!»

«ራቁቷን?»

«ራቁቷን።»

«እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ ስፕሬይዋን ወደ ሳጥኑ መለሰች። ይሄ «አንተ ካልክ» የሚሉት ነገር ባል የሆነን ሁሉ ሊያስደነግጥ ይገባል። እሱ እቴ፣ ደስ ብሎት አደረ። በነጋታው ሐኪሙ «ቀለሟስ?» ሲለው «ቀለም እኮ ክብደት ነው ዶክተር፤ እንዲህ ትቀላለች» ብሎ አሳመነው። ሐኪሙም አመነ፤ ጥርስ እንጂ መኪና ተምሯል እንዴ?

ውድድሩ ተጀመረ። ሰው ቅርጹን አየ? ከየት መጥቶ! ጥርት ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አሻግሮ ያየው ሽቦና ባትሪ ነው። አንዱማ «ቦዲዋን ረስተውት መጡ እንዴ?» ብሎ ጎኑ ያለውን አሳቀ። ሐኪሙ ከሌሎቹ ነጂዎች ጋር ከፍ ያለው መድረክ ላይ ቆሞ ይነዳል። መኪናዋ ወደ ነጂው ስትመጣ ቀኝና ግራው እንደሚገለበጥ ሪሞት የያዘ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ፊቷንና ኋላዋን መለየት ግድ ነው፤ የሚለየው ደግሞ በቀለሟ ነው። ሩቁ ኩርባ ላይ ፀሐይ አረፈችባትና ብልጭ አለች። ሐኪሙ እየሄደች ነው ብሎ ወደ ግራ አዞራት። እየመጣች ነበር። አጥሩን ገጭታ ለሁለት ተሰነጠቀች።

«ምንድን ነው ያለበሳችሁልኝ? ባትሪ ብቻ እኮ ነው የሚታየኝ!» ብሎ ሐኪሙ ጮኸ። ዋንጫውን የወሰደችው ቅርጿ የተበላ ሳሙና የሚመስል ቢጫ መኪና ናት። ባለአሻንጉሊቱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚስቱ የተሰነጠቀችውን ቦዲ አንስታ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀመጠች።

«በይ ተናገሪ፤ የልብሽ ደርሷል» አላት።

እጇን በውስጥ በኩል አስገብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለች ዳበሰቻት።

«ትከሻዋን ከአምናዋ ዝቅ አድርገሃታል» አለች። «አበጀህ። እዚህ ከኋላው በር ጋ ደግሞ ሐሳብህን ቀይረሃል። መጀመሪያ ቀጥ ልታደርገው ነበር።»

ክው አለ። እውነት ነበር፤ ለማንም አልተናገረውም።

«በምን አወቅሽ?»

«ፕላስተሩን የምለጥፈው በአንተ መስመር ላይ አይደል እንዴ? የትኛዋን ነው የማላውቃት?»

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ የሚያይለት ሰው ሲለምን፣ ለካ ያቺ ሰው ከጎኑ ተቀምጣ ስፕሬይ ትነፋለች።

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ አንድ ቃል እንኳ ሳትነግሪኝ?»

ቀና ብላ አየችው።

«የአምናዋ ምን ቀለም ነበረች?»

አፉን ከፈተ። ጣሪያዋ ታየው፣ አፍንጫዋ ታየው፣ የበሮቿ መስመር ሁሉ ታየው። ቀለሟ ግን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣ አለው።

«ቀይ» አለ በመጨረሻ፣ እንደምንም ደፍሮ።

«ሰማያዊ ነበረች» አለችና ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመረች።