ቆመው የጠየቁልኝ አስተዳዳሪ

ሜልበርን ውስጥ ለሽምግልና የምልከው ዘመድ አልነበረኝም። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እናቴ አዲስ አበባ ናት። ላገባት የፈለግኳት ልጅ አባት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ስለ ዘመድ ነው። ፓስተራችንን ብልክባቸው «ጨዋ ልጅ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ግን ማን ያውቀዋል? እርስዎም የሚያውቁት እሁድ እሁድ ነው» ብለው መለሷቸው። እውነታቸውን ነው፤ እሁድ እሁድ ሁላችንም ጨዋ ነን።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያውቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው እየሄድኩ በጠዋት ሺፍት የምንከባከባቸው ጀርመናዊ ሽማግሌ። በስማቸው መጥራት አልሆንልህ ስላለኝ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አገራቸው ሳሉ የአንድ አውራጃ አስተዳዳሪ ነበሩ። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የወንዙ ሙላትም በእሳቸው ጠረጴዛ ያልፍ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ሚስታቸው እህቴ ዘንድ እንኑር ብላ ወደዚህ አመጣቻቸው፤ እሷ ግን ቀድማቸው አረፈች። ልጅ የላቸውም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስተዳደሩ ሰው አሁን የሚያስተዳድሩት እኔን ብቻ ነው፤ የሻይ አፈላሌን ሳይቀር ይቆጣጠራሉ። እኔም እያጉረመረምኩ እንደ አባት እወዳቸዋለሁ።

ስለ ሥራቸው ብዙ አያወሩም። ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር ነው። ገና ወጣት ሹም ሳሉ ሁለት መንደሮች በአንድ እንዲተዳደሩ ከቢሯቸው ሆነው ወሰኑ። የትንሿ መንደር ሰዎች ተቆጡ። ሊያስረዱ ሲሄዱ ወንበር የሚሰጣቸው ጠፋ፤ ቆመው ሲሰደቡ ዋሉ። «አስተዳዳሪ የሆንኩት ያን ቀን ነው» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ያለበት ሄደው ሳይሰሙ ምንም አልወሰኑም።

ስለዚህ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብዬ ስጠይቃቸው ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም። «መልስ ሳይሰጥ መቀመጥ የለም» ስላቸው ሳቁ።

«ይሄንንስ ለምጄዋለሁ» አሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ጉልበታቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ከፓስተሩ ጋር ሜልተን፣ የልጅቷ ወላጆች ቤት አደረስኳቸው። አግቢው ራሱ አብሮ አይገባምና መኪና ውስጥ ቀረሁ። የውስጡን የነገሩኝ ፓስተሩ ናቸው፤ ያስተረጎሙትም እሳቸው።

አባትየው «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌ ያሞግሳል፤ እንኳን ያለውን የሌለውንም ይጨምራል። ይህን ግን ለጋሼ የነገራቸው አልነበረም። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ቢሮ ሪፖርት አቀረቡት።

«ያረፍዳል። ሸሚዝ መተኮስ አይችልም። ሲቆጡት ያኮርፋል፤ ሻዩ እስኪፈላ ግን ይረሳዋል።»

ፓስተሩ ላብ በላብ ሆኑ። አለስልሰው እንዳይተረጉሙት ልጅቷ ጓዳ ሆና እንግሊዝኛውን ትሰማለች። ጋሼ ቀጠሉ።

«አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ። የወደቀ ሰው እንዳያነሳ የሥራው ደንብ ይከለክለዋል። አምቡላንስ ጠራ። ከዚያ ብቻዬን እንዳልሆን እርጥቡ ወለል ላይ አጠገቤ ተኛ። እስኪመጡ ድረስ ስለ እናቱ አወራኝ። እኔ የማውቀው ልጅ ይህ ነው።»

የጋሼ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በእግዚአብሔር ይቀመጡ» አሏቸው አባትየው።

«መልሱን ሳልሰማ አልቀመጥም።»

«እንግዲህ እኔም እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላቆምም» አሉ። «ማን ያውቀዋል ብዬ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው መጣልኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ይቀመጡ።»

በሠርጋችን ቀን ጋሼ በአባቴ ቦታ ተቀመጡ። ከሙሽራዬ ጋር ጉልበት ልንስም ዝቅ ስንል ግራ ገባቸውና ሊነሱልን ሞከሩ። ትከሻቸውን ይዤ መለስኳቸው።

«ዛሬስ ይቀመጡ ጋሼ» አልኳቸውና ያን ለእኔ ሲል የተንቀጠቀጠውን ጉልበት ሳምኩት።